ቅጠል በገላው ስለሚጠጣው ማዕድን

ከጥቂት ቀን በፊት በማለዳ በመሳለሚያ በኩል ስናልፍ፤ ከእህል በረንዳ ወዲህ ባለው መንገድ ዳር የአበሻ ጎመንና ቆስጣ፤ ሰላጣም በጆንያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች አየን። እህል የጫነ መኪና በአጠገባቸው ባለፈ ቍጥር ትቢያው ተነሥቶ በቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ ሻጪቱም በጣሳ የያዘችውን ውሃ በእጇ ትረጭበታለች፤ ቅጠሉም ወዲያው አብርቶ አሁን ከጓሮ የተቀነጠሰ ይመስላል። ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንዲት አሮጊት አንዱን እስር ጎመን አንሥተው አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፤ «ልጄ፤ ይህ ጎመን ከወዴት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጪቱም፤ «ከወንዝ ዳር ነው እማማ፤ ዛሬ ሌሊት የተቈረጠ ነው። ደኅና አድርገው ካጠቡት ምንም አይልም» ብላ መለሰች።

«ካጠቡት ምንም አይልም» የሚለው ቃል በመሳለሚያ ብቻ የሚነገር አይደለም። በትንሹም በትልቁም ቤት ያሉት ወጥ ቤቶች፤ እነርሱን የሚያዙት የቤት እመቤቶችም በዚህ ቃል ተማምነው ይኖራሉ። እኛም ራሳችን ብዙ ዘመን ይህንኑ እናምን ነበር። ዳሩ ግን የአትክልትን ጠባይ የመረመሩት ሊቃውንት የደረሱበት ነገር ይህን እምነት እኩሌታውን የሚያፈርስ ስለ ኾነ፤ ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ጉዳይ አድርገነዋል። ማጠብ አይጠቅምም ለማለት አይደለም፤ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ውሃ የሚያነሣው በቅጠሉ ላይ ያለውን ነው እንጂ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን አይደለም።

አትክልት ምግቡን የሚስበው በሥሩ ነው ሲባል ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ይህ እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ሁሉ አይደለም። ቅጠል ደግሞ አፍ አለው። የቡና ወይም የብርቱካን አትክልት ያለው ሰው ቅጠሉ ቢጫ ሲኾንበት ዚንክ ወይም ብረት በውሃ ተበጥብጦ በቅጠሉ ላይ እንዲረጭ የሚመከረው፤ ቅጠሉ ራሱ ጠጥቶ ለግንዱና ለፍሬው የሚያካፍል ስለ ኾነ ነው። ቅጠል በላዩ እንደ ሰም ያለ ስስ ቅባት ለብሷል፤ ይህም ውሃው እንዳያልቅበትና ባዕድ ነገር እንዳይገባበት የሚጠብቀው ልብሱ ነው። ነገር ግን ልብሱ ፈጽሞ የተደፈነ አይደለም። ውሃ የሚያልፍባቸው እጅግ የረቀቁ መተላለፊያዎች አሉበት፤ ቅጠሉ ሲያረጅም ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህም በዓይን የማይታዩ ሲኾኑ፤ በብዙ ዓይነት ቅጠል ላይ በአንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ይገኛሉ። ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታሉ፤ ጥማት ሲመጣ ይዘጋሉ።

እንግዲህ ለመድኃኒት የተረጨው ብረት በዚህ በር የሚገባ ከኾነ፤ በትቢያ ተጭኖ የመጣው እርሳስ በዚሁ በር እንዳይገባ የሚከለክለው ምንድር ነው? ምንም የለም። ትቢያው በቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ በሌሊት ጤዛ ይወርድበታል፤ ጤዛውም ከትቢያው ጥቂቱን ያሟሟዋል፤ የሟሟውም በረቂቁ መተላለፊያ ሰርጎ ይገባል። ያልሟሟው እንኳ መጠኑ ከሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ ያነሰ የኾነ እንደ ኾነ በመተንፈሻው ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠጕር ያለው ቅጠልና የተጨማደደው ቅጠል ትቢያውን አጥብቆ ስለሚይዝ ከለስላሳው ይልቅ ይጐዳል። የጎመንና የቆስጣ ስፋታቸው ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ቢኾንም፤ ለትቢያው የተዘረጋ ሰሌን መኾናቸውን መርሳት አይገባም።

ትቢያስ ድሮም ነበረ የሚል ቢኖር እንዲህ እንመልስለታለን። አባቶቻችን የሚያውቁት ትቢያ የአፈር ትቢያ ነው። የዛሬው የከተማ ትቢያ ግን ከአፈር ጋራ ብዙ ነገር የተደባለቀበት ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ካዛወሩት ወዲህ፤ መርካቶ የተባለው ሰፈር ከእህልና ከሸማ ጋራ የብረት ከተማ ኾኗል። ከመሳለሚያ ብዙ ሳይርቅ በምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፤ ምድጃና ሳጥን ሲኾን ውሎ ያድራል። የእጅ ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብም ይኖርበታል። ዳሩ ግን ብረት ሲፈጭና ሲበየድ፤ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በእሳት ሲቃጠል፤ የመኪና ባትሪ በየትም ስፍራ ተሰብሮ እርሳሱ ሲቀልጥ፤ የሚነሣው ጢስና ብናኝ ከአየር ወርዶ አንድ ስፍራ ላይ ማረፉ የግድ ነው። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ከጎማው ዚንክ፤ ከፍሬኑ ደግሞ መዳብ ይራገፋል።

ስለ ቤንዚን ያለው ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1921 አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ እርሳስ ያለበት ቅመም በቤንዚን ቢጨመር ሞተሩ ሳይንኳኳ እንዲሠራ አገኘ፤ ዓለምም ሁሉ ተከተለው። ከዚያ ወዲያ ባለው ዘመን መኪና ባለፈበት መንገድ ዳር ሁሉ እርሳስ ሲዘራ ኖረ። ጕዳቱ ከታወቀ በኋላ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መባቻ ድረስ ባለ እርሳሱን ቤንዚን ትተውታል፤ በመጨረሻም በ2021 አልጄሪያ ስትተው ከዓለም ሁሉ ለመኪና መሸጡ ቀረ። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። እርሳስ እንደ ጭድ የሚበሰብስ፤ እንደ ቅቤም የሚቀልጥና የሚጠፋ አይደለምና፤ ያን ጊዜ በመንገድ ዳር የወረደው እስካሁን በላይኛው አፈር ውስጥ ተኝቷል። በጋ ሲመጣና ነፋስ ሲነሣ እንደ ገና ወደ ቅጠሉ ይመለሳል።

ይህን ነገር በሚገባ የገለጠው በፈረንሳይ አገር የተደረገ ምርመራ ነው። አሮጌ የእርሳስ ባትሪ ቀልጦ እንደ ገና በሚሠራበት ፋብሪካ አጠገብ በሳጥን ውስጥ የተተከለ ሰላጣ 43 ቀን አኖሩት። ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ነቅለው በሚገባ አጠቡት፤ አድርቀውም ቢመረምሩት በአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ወደ 335 ሚሊ ግራም የሚደርስ እርሳስ አገኙበት። የዚህም ውጤት በ2010 በፈረንጆች ቍጥር ታትሞ ወጣ። ሰላጣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ውሃ መኾኑን አስበን በእርጥብ ቅጠል ብንመነዝረው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ወደ 17 ሚሊ ግራም ገደማ ይኾናል። የምግብን ደንብ በዓለም ላይ የሚያወጣው ኮዴክስ የተባለው ጉባኤ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው የእርሳስ መጠን በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም፤ የካድሚየምም 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህ ሰላጣ እንግዲህ ታጥቦ እንኳ ከተፈቀደው ከሃምሳ እጥፍ በላይ ተሸክሞ ተገኘ ማለት ነው። በታላቅ መነጽርም ቢያዩት ብናኙ ከላይኛው የሰም ቅባት በታች ገብቶ፤ በመተንፈሻውም ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ታይቷል። እርግጥ ይህ ሰላጣ የተቀመጠው በፋብሪካ አፍ ላይ ነው፤ የመሳለሚያው ጎመን ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አንደፍርም። መንገዱን ግን አሳይቶናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰው ጕዳት ነው። አትክልቱስ ራሱ ምን ይኾናል? የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መርዙን ብቻ አስቦ ሌላውን ጕዳት ይዘነጋዋል።

አትክልት ለመኖር የሚፈልጋቸው ማዕድኖች አሉ። ናይትሮጅን፤ ፎስፈረስ፤ ፖታሲየም፤ ካልሲየም፤ ማግኒዚየምና ድኝ በብዛት ያስፈልጉታል፤ ብረት፤ ዚንክ፤ ማንጋኒዝና መዳብ ደግሞ ባነሰ መጠን። እያንዳንዱ ወደ ሕዋሱ የሚገባበት በር አለው፤ በየበሩም ላይ እንደ አጋፋሪ ያለ ጠባቂ ቆሟል። ይህ አጋፋሪ ግን የሰውን ፊት ለይቶ የሚያውቅ አይደለም፤ ቁመቱንና ካባውን አይቶ ብቻ ያስገባል። ካድሚየም የተባለው ማዕድን የዚንክ ዘመድ ስለ ኾነ፤ በካባውም ስለሚመስለው፤ በዚንክና በብረት በር፤ በካልሲየምም በር ሳይጠረጠር ዘልቆ ይገባል። ክሮሚየም ክፉ በኾነው መልኩ የድኝን በር ይዞ ይገባል። አርሴኒክም ፎስፈረስን መስሎ ያልፋል። ወደ ግብሩ አዳራሽ ከገባ በኋላ ግን ከባለ ማዕረጉ ስፍራ ይቀመጣል እንጂ የባለ ማዕረጉን ሥራ አይሠራም። ስፍራው ተይዟልና እውነተኛው ዚንክ ቢመጣም የሚቀመጥበትን ያጣል።

ከዚህ የሚከተለው ጕዳት ብዙ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጠው ክሎሮፊል በመካከሉ አንድ ማግኒዚየም አለው፤ እንደ ዓይን ብሌን ነው። ካድሚየምና እርሳስ ይህን ማግኒዚየም አስወጥተው በስፍራው ሲገቡ ብሌኑ ይታወራል። ክሎሮፊልን ለመሥራት ብረት ያስፈልጋል፤ ካድሚየም የበዛበት አትክልት ግን ብረት ከሥሩ ወደ ቅጠሉ መውጣቱ ይሰናከልበታልና፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ኾኖ በጅማቱ መካከል ቢጫ ይኾናል። ከአፈር የወጣውን ናይትሬት ወደ ሥጋ የሚያበጀው ሠራተኛ ደግሞ በካድሚየም ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ የተጨመረለት አትክልት እንኳ በጠገበ ገበታ ፊት እንደሚራብ ሰው ይኾናል።

እርሳስ ጠባዩ ከካድሚየም ይለያል። እርሳስ በቅጠል በኩል የገባ እንደ ኾነ ብዙውን ጊዜ ከገባበት አይርቅም፤ እዚያው ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ካድሚየም ግን መንገደኛ ነው፤ በቅጠል ገብቶ ምግብ በሚወርድበት ቧንቧ ወደ ሌላው ቅጠል፤ ወደ ሥሩም ይወርዳል፤ ከላይ የመጣ ክፉ ነገር ሥሩ ከታች ብረትና ዚንክ እንዳይስብ ያደርገዋል። እርሳሱ ደግሞ ባለበት ተቀምጦ በሌላ መንገድ ያስርበዋል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በብናኝ ሲደፈንና በመርዙ ሲኰማተር ቅጠሉ ውሃ መትነኑን ያጓድላል። ካልሲየም ግን ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው ከውሃው ጋራ ተጭኖ ነው፤ የሚስበው ከላይ ያለው መትነን ነውና፤ መትነን ሲያንስ ውሃው ይዘገያል፤ ውሃው ሲዘገይ ካልሲየምና ናይትሬት፤ ማግኒዚየምም በመንገድ ይቀራሉ። አፈሩ ምንም ያልጐደለበት ኾኖ ሳለ ቅጠሉ ይራባል።

አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። እናት ለልጇ ጎመንና ቆስጣ የምታበላው ብረትና ካልሲየም ያገኝበታል ብላ ነው፤ ሐኪሙም የመከራት ይህንኑ ነው። ይህ ቅጠል ግን ከባድ ማዕድን የበዛበት ከኾነ፤ ያልተፈለገውን ይዞ የመጣ ብቻ ሳይኾን የተፈለገውንም ሳይዝ የመጣ ሊኾን ይችላል። ክፋቱም በዚህ አያበቃም። ከላይ የነገርነው አጋፋሪ በአትክልት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ በሰው አንጀትም ውስጥ አለ። ደሙ ብረት የጐደለበት ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት፤ ሰውነታቸው ብረትን ፈልጎ በሩን አስፍቶ ስለሚከፍት፤ በዚያው በር እርሳሱና ካድሚየሙ ከጠገበው ሰው ይልቅ በብዛት ይገባባቸዋል። እንግዲህ ደካማው ነው ይልቁን የሚጠቃው። የዓለም የጤና ድርጅት ስለ እርሳስ ሲናገር፤ ይህን ያህል ቢኾን አይጐዳም የሚባል መጠን አልተገኘም ይላል፤ በልጆችም አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ኋላ በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም።

ቅጠሉ በዓይን አይታወቅምን? የሚሉን አሉ። አንዳንድ ጊዜ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይታወቅም። ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን በሆዳቸው ይዘው ለብዙ ጊዜ ለምልመው የመታየት ጠባይ አላቸው። በገበያ ያማረው ቅጠል ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ፤ ያማረ ካባ የለበሰውን ሁሉ ጨዋ ነው እንደ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። የመሳለሚያዋ ሻጭ «ከወንዝ ዳር ነው» ያለችውን አንባቢ አይዘንጋ። አዲስ አበባን ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፤ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ እያጠቧት ወርደው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። በወንዞቹ ዳር ጎመን፤ ቆስጣ፤ ሰላጣና ካሮት ተክለው ከተማውን ሲመግቡ የኖሩ ብዙ አትክልተኞች ናቸው። ነገር ግን የቆዳ ፋብሪካው፤ የቀለሙና የጨርቁ ሥራ፤ የጋራዡም ዘይት ወደዚያው ወንዝ ሲፈስ ኖሯል፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም መኾኑም የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፍስሐ ኢታና የተባሉ የአፈር ሊቅ፤ በቄራና በፒኮክ የአትክልት ስፍራዎች የበቀሉትን ጥቅል ጎመን፤ ሰላጣና ቆስጣ መርምረው ያገኙትን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ አውጥተዋል። በምርመራቸውም ከከባዶቹ ማዕድኖች አንዳንዶቹ ከሚገባው ልክ አልፈው ሲገኙ፤ ከሦስቱ አትክልት ይልቅ ጥቂት ያከማቸው ጥቅል ጎመን ኾኖ ተገኘ። ለቤት እመቤት ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ወሬ አናውቅም። ጥቅል ጎመን ራሱን በራሱ የሚሸፍን ቅጠል ነው፤ ትቢያው የሚያርፈው በውጭኛው ላይ ነው፤ ውስጠኛው በጓዳ እንዳለ እንጀራ ተከድኖ ይኖራል።

ወንዙ ያመጣውና አየሩ ያመጣው በአንድ ቅጠል ላይ ሲገናኙ የትኛው ምን ያህል እንዳደረገ ለይቶ መናገር ቀላል አይደለም። ወንዙ በሥር ይገባል፤ ትቢያው በቅጠል ይገባል፤ አትክልተኛው የወንዙን ውሃ በባልዲ ከላይ ሲደፋበት ደግሞ ወንዙም በቅጠል ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በቦይ ከሥሩ የሚጠጣ አትክልትና ከላይ የሚረጭበት አትክልት ዕድላቸው አንድ አይደለም።

ይህ ጕዳት ችላ ቢባል የት ሊያደርስ እንደሚችል የጃፓን አገር ታሪክ ይነግረናል። በቶያማ አውራጃ ጂንዙ በተባለው ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች፤ ከላይ ካለው የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ካድሚየም ተቀላቅሎ በሚወርደው ውሃ ሩዛቸውን ያጠጡ ነበር። ሩዙም መርዙን ጠጥቶ ለሰው አሳለፈው። ብዙዎች፤ ይልቁንም ልጆች የወለዱ ሴቶች፤ ኵላሊታቸው ተበላሽቶ፤ አጥንታቸው ካልሲየም ከድቶት ለስልሶ፤ በሳል ብቻ እስኪሰበር ድረስ ታመሙ። ከሥቃዩ የተነሣ «ኢታይ፤ ኢታይ» ይሉ ነበርና፤ ትርጓሜው «ያመኛል፤ ያመኛል» ማለት ነው፤ በሽታው በዚሁ ቃል ተሰየመ። የጃፓን መንግሥት ከፋብሪካ ብክለት የመጣ በሽታ መኾኑን የመሰከረው በ1968 በፈረንጅ ነው፤ ሰዎቹ መታመም ከጀመሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ መኾኑ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ስናስብ የጤፍ ነገር ትዝ አለን። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል ብዙ ዘመን ኖረ፤ ሊቃውንት ግን ጤፉን አጥበው ቢመረምሩት ከብረቱ ብዙው ታጥቦ ሄደ፤ በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ የተጣበቀ የአፈር ብረት ነበረና። በጤፍ ላይ ማጠብ ብረቱን ወሰደው፤ በሰላጣው ላይ ግን ማጠብ እርሳሱን ሁሉ አልወሰደውም። በላይ የተጣበቀና ውስጥ የገባ ነገር እንዴት እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

እንግዲህ ጎመን አንብላ ለማለት ነውን? አይደለም። በዐቢይ ጾም ገበታችን ከሽሮውና ከጎመኑ ሌላ ምን አለው? ቅጠል ያልበላ ልጅም በሌላ በኩል ይጐዳል። የሚሻለው ቅጠሉን መርጦ፤ የመጣበትንም ጠይቆ መግዛት ነው። አሮጊቲቱ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ መልሱን ካገኙ በኋላ ግን ሌላ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረው፤ «ከየትኛው ወንዝ ነው? በምን ውሃ ጠጣ?» የሚል። ከከተማ ርቆ ከበቀለው አምጥቶ የሚሸጥ ደንበኛ ማበጀት፤ ከዋጋ ጥቂት ቢጨመርም ብልኅነት ነው። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ከአንድ ስፍራ ከመግዛትም ማለዋወጥ ይሻላል፤ አንድ ቀን ጥቅል ጎመን፤ አንድ ቀን ዱባ ወይም ፎሶሊያ ቢኾን፤ ፍሬና ግልፋፊ ያለው አትክልት ከቅጠሉ ያነሰ ከባድ ማዕድን ያከማቻልና።

በወጥ ቤት የሚደረገው ይህ ነው። የውጭኞቹ ሁለትና ሦስት ቅጠሎች ይጣሉ፤ አሮጌው ቅጠል ብዙ ጊዜ በትቢያ ላይ የቆየው እርሱ ነውና። የቀረው አስቀድሞ ሳይከተፍ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም ጥቂት ኮምጣጤ በተጨመረበት ውሃ ተነክሮ እንደ ገና ይለቅለቅ። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ግን ትቢያውን ወደ ተቈረጠው ገላ ማስገባት ነው። እሳት ጀርምን ይገድላል እንጂ እርሳስን አይገድልም፤ የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ጥቂቱን ይቀንስ ይኾናል፤ ከርሱ ጋራ ግን የቅጠሉ ቪታሚን አብሮ ይሄዳል። ምሥር፤ ሽምብራና ሥጋ፤ ወተትም ከቅጠሉ ጋራ በገበታ ላይ ሲኖሩ፤ ሰውነት ብረትና ካልሲየም ጠግቦ በሩን ስለሚያጠብ የክፉው ማዕድን መግቢያ ይቀንሳል።

በግቢው ውስጥ አትክልት ለሚተክል ሰው የምንለው ደግሞ አለን። ጎመን ከመንገድ ዳርና ከብረት ሥራ አጠገብ አይተከል፤ ከቆርቆሮ ጣራ ጠፈጠፍ በታችም እንዲሁ፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ከዝናቡ ጋራ ይወርዳልና። በመንገዱ በኩል ቅጠሉ የማይረግፍ ችምችም ያለ አጥር ቢኖር ትቢያውን ይቀበላል። አፈሩን በጭድ መሸፈን ዝናብ ሲመታው ጭቃው ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭ ይከለክላል። የከረመ ፍግና፤ አፈሩ ኮምጣጣ ከኾነ ደግሞ ኖራ ሲጨመርበት፤ ከባዱን ማዕድን አስሮ ስለሚይዘው ሥሩ ብዙ አይስበውም። አፈሩ ዚንክ ያልጐደለው ሲኾንም ካድሚየሙ በሩን ተይዞ ያገኘዋል። ትቢያው በበዛበት በጋ ቅጠሉን ማለዳ በንጹሕ ውሃ ከላይ ማጠብም ጤዛው ብናኙን ሳያሟሟው እንዲወርድ ያደርጋል፤ ውሃው ግን ንጹሕ ካልኾነ ባይነካ ይሻላል።

በሥልጣን ላይ ላሉት ክቡራን አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እናመለክታለን። ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 300 ወጥቷል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የወንዞቹን ዳር የማስዋቡ ታላቅ ሥራ ተጀምሯል። ዳሩ ግን የወንዝ ዳር ማማሩ ሌላ፤ ውሃው መንጻቱ ሌላ ነው። በወንዝ ዳር የሚተክለው ድኻ አትክልተኛ መርዙን ያመጣው እርሱ አይደለም፤ መርዙ ከላይ ከፋብሪካውና ከጋራዡ የመጣ ነው። ቅጠሉ ተመርምሮ ክፉ ኾኖ ቢገኝ አትክልተኛውን ብቻ ከስፍራው ማንሣት ፍርዱን ያዛባዋል፤ አስቀድሞ ፍሳሹ የሚነጻበት መንገድ፤ ለርሱም አበባ ወይም የማይበላ ተክል የሚተክልበት ምክር ሊታሰብለት ይገባል። በገበያው ዘንድ ደግሞ ቅጠል የሚሸጡት ሴቶች ከመኪናው መንገድ ራቅ ብለው በጥላ ሥር የሚቀመጡበት ሰሌዳ ቢበጅላቸው፤ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ከአህያና ከጋሪ፤ ከመኪናም ጭስ ሲገፉ የሚውሉት እነርሱ ራሳቸው ናቸውና፤ ትቢያው በጎመኑ ላይ ብቻ አያርፍም።

በመጨረሻም ስለ ተጣለው የውጭኛ ቅጠል የጠየቁን ስለ አሉ እንመልስላቸው። ብዙ ሰው ይህን ቅጠል ለጓሮ ዶሮው ይሰጠዋል። ከመንገድ ዳር ወይም ከተጠረጠረ ስፍራ የመጣ ከኾነ ግን ለዶሮም ለላምም ባይሰጥ፤ ለጎመኑ በሚኾነው ፍግም ውስጥ ባይጨመር ይሻላል፤ ዶሮ የበላችውን እርሳስ በእንቍላሏ ውስጥ ታሳልፈዋለችና፤ ከገበታ ያስወጣነው በማግሥቱ በቍርስ ይመለሳል።